ጠበቃና ክላክስ በአንድ ቆጥ

መርፌ የዚያን ቀን ጠዋት እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ሸሚዙን አንስታ ወደ መስኮቱ ስትዘረጋው የግራው ክንድ ወደ ኋላ ዞሮ፣ አውቶቡስ አምልጦት እንደሚጣራ ሰው ተንጠልጥሏል። በስፌት መኪና ላይ ያደገች ሴት እጅጌ ገልብጣ ከሰፋች ወይ ትኩሳት ይዟታል፣ ወይ ፍቅር ይዟታል። ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት የለባትም።

«ዛሬ ነው እኮ!» አለች ለስፌት መኪናዋ፣ ሌላ የምትነግረው ሰው አጠገቧ ስላልነበረ።

መርፌ ዋና ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና ምላሷም ስለሚወጋ አባቷ ያወጡላት ስም ነው፤ ሰፈሩም ወደደውና ወረሰው። ዛሬ ያለችው ደግሞ የሠርግ ቀን አይደለም፣ የፈተናም ቀን አይደለም። ሁለት አውራ ዶሮዎች ያለ ሽቦ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቀን ነው። ሰምቶ የሚስቅ ይሳቅ። እሷ ግን የምትወደውን ሰው ማግባትና አለማግባቷ በእነዚያ ሁለት ምንቃሮች ላይ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። የሁለቱን ጎረቤታሞች ጓሮ የሚለየው አሮጌ የድንጋይ ግንብ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አንድ ቀን እንደ ሰከረ ሰው ዝርር አለ። ከግንቡ ወዲህ የመርፌ አባት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ባለ ፎቁ ቤት ነው፤ የጡረተኛዋ ዳኛ ቤት። ዳኛዋ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል ይባላል። ግንቡ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ቤቶች የሚተዋወቁት በአውራ ዶሮዎቻቸው ጩኸት ብቻ ነበር። የዳኛዋ አውራ ዶሮ ነጭ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ከንጋት ጀምሮ ሲከራከር ስለሚውል ስሙን ጠበቃ አሉት። የሹፌሩ ቀይ ነው፤ መኪናቸው ሲሸጥ ድምፁ ብቻ የቀረላቸው ይመስል ክላክስ ብለው ጠሩት።

ግንቡ እንደ ወደቀ ከባለቤቶቹ በፊት የተገናኙት እነሱ ነበሩ። ጓሮው የተቀደደ ትራስ መሰለ። መርፌ ሮጣ ደርሳ ጠበቃን በቀሚሷ ጠቅልላ ስታነሳው ደረቱ ተተርትሮ ደም ይፈሳል። በፍርስራሹ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በነጠላ ጫማ እየተደናቀፈ መጣ፤ የዳኛዋ አንድ ልጅ፣ ከፎቁ ሥር ክሊኒክ ያለው የጥርስ ሐኪም። እሷ ዶሮውን ጭኗ ላይ ያዘች፣ እሱ ደግሞ ድድ በሚሰፋበት ክር ደረቱን ይሰፋ ጀመር።

«አፍህን ክፈት» አለው ዶሮውን፣ ከልምዱ የተነሳ።

መርፌ ሳቋ አመለጣት። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ስፌቱን ጎንበስ ብላ አየችው፤ አንዱ ከአንዱ እኩል፣ ጨርሶ ያልተሸበሸበ።

«እጅህ ደህና ነው» አለችው። «ሥራ ከጠፋ ና፣ የአዝራር ቀዳዳ አሠራሃለሁ።»

«አሁኑኑ ልጀምር?» አለ፣ ቀና ብሎ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዶሮው በመሀላቸው «ቋ» ባይል ኖሮ እስኪመሽ እንደዚያው ይቀሩ ነበር።

ፍቅር ግን እንደ ግንብ አይደለም፤ ሲያቆሙት ነው የሚያስቸግረው። ዳኛዋ ሲሰሙ «ልጄ የፈለገውን ጥርስ ይንቀል፣ የሹፌር ቤት ጓሮ ግን ምን ሊያደርግ ገባ?» አሉ። አባቷ ደግሞ «ልጄ በትልቅ ቤት የኋላ በር አትገባም!» አሉ። ሐኪሙ አንድ ቀን ከረሜላ እንዳማረው ልጅ እጁን አጣጥፎ በረንዳቸው ላይ ቆመና ልጅዎን ይስጡኝ ሲላቸው፣ ሹፌሩ ዙሪያቸውን ቃኝተው ከሁሉ የማይሆነውን ነገር መረጡ።

«እነዚያ ሁለት አውራ ዶሮዎች በአንድ ግቢ ደም ሳይፋሰሱ ውለው በአንድ ቆጥ ላይ የሰፈሩ ቀን ልጄን ውሰድ!»

ከፍርስራሹ ማዶ የዳኛዋ ድምፅ መጣ። «ሰምቻለሁ! እኔም በዚሁ ቃል እስማማለሁ። ተመዝግቧል!»

ሁለቱም ያሉት «በጭራሽ» ማለታቸው ነበር። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ እንደሚባለው፣ ምን እንደጫሩ አላወቁም። መርፌ ግን የዚያን ዕለት ማታ ስትተኛ ደስታ ነበር እንቅልፍ የነሳት። በጭራሽ ከተባለች ሴት ይልቅ ቅድመ ሁኔታ የተሰጣት ሴት ትሻላለች።

*

ግንቡ በነበረበት ቦታ የሽቦ ወንፊት ተዘረጋ። ሐኪሙ መጽሐፍ አገላበጠ፣ መርፌ ዶሮ አርቢዎችን ዞራ ጠየቀች፤ ያገኙትን አንድ ላይ አድርገው ሥራ ጀመሩ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ በሽቦው እንዲተያዩ፣ ግን እንዳይነካኩ አደረጉ። ቀጥሎ ጥሬውን ከሽቦው ግራና ቀኝ በተኑት፤ ጎን ለጎን ሲለቅሙ መዋልን ይልመዱ ብለው። አንዳንድ ቀን ደግሞ የወዲህኞቹን ወደዚያ፣ የወዲያኞቹን ወደዚህ እያዛወሩ አንዱ የሌላውን መሬት እንዲጭር አደረጉ። የውሃ ዕቃ አበዙ። የተሸነፈ የሚሸሸግበት ብለው ከእንጨት ክምሩ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ አስደገፉ። በጓሮው ጥግ አንድ ረጅም አግዳሚ ሰቅለው የጋራ ቆጥ ሠሩ፤ ገና ማንም ያልወጣበት ቆጥ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠበቃና ክላክስ ሽቦውን ሊበጥሱት ደረሱ። ከዚያ በየተራ መጮህ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ክላክስ በሽቦው ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጠበቃም ከማዶ ጎኑን ሰጥቶ ሲተኛ ተገኙ። መርፌ መቀሷን ጥላ እየሮጠች ሄዳ በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን አሾለከች። ሐኪሙም በዚያ በኩል የታካሚ አፍ ክፍቱን ትቶ መጥቶ ነበር። ጣቷን በጣቱ ያዘው። ፍቅራቸው በሽቦው ቀዳዳ ልክ ነበር፤ ጣት ያስገባል፣ እጅ አያስገባም።

«ቢጣሉስ?» ትለዋለች።

«አይጣሉም።»

«ቢጣሉስ አልኩህ?»

«ቢጣሉ እንደገና እንሰፋቸዋለን። አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ።»

«ዕድሜ ልክ?»

«ዕድሜ ልክ» ይላታል፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። መንጋጋ ሙሉ የሚነቅል ሰው እሷ ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰር ነበር።

አንድ ነገር ግን መርፌን ያስጨንቃት ነበር፤ ለሐኪሙም አልነገረችውም። ጠዋት ጠዋት አባቷ በቆሎ ይዘው ወደ ሽቦው ይወርዳሉ፤ ዳኛዋም ስንዴ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ሙግት ነው።

«አቶ ሹፌር፣ ዶሮዎ ያለ ተራው ተናገረ።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቀድሞ የገባ ነው ቀድሞ የሚያልፈው።»

«ይሄ አስፋልት አይደለም!»

«ይሄም ችሎት አይደለም!»

እንዲህ ሲባባሉ ጥሬው አልቆ ዶሮዎቹ ጥለዋቸው ይሄዳሉ፤ እነሱ ግን አይላቀቁም። አባቷ ለዚህ ሙግት ጺማቸውን መላጨት ጀምረዋል። ለብዙ ጊዜ ያልለበሱትን ሸሚዝ እንድትተኩስላቸውም ጠየቋት። መርፌ ይሄን ሁሉ እልህ አለችው። «አልሸነፍም ብሎ ነው የሚላጨው» ትላለች በሆዷ። በዚያ ላይ ሌላ ሐሳብ ይጨመራል፤ እናቷ ከሞቱ በኋላ ይህ ሰው ከእሷ በቀር የሚያናግረው አልነበረውም። ነገሩ ተሳክቶ እሷ ብትሄድ ከማን ጋር ይውላል? በሽቦው ማዶ ያለውን ሰው ባየች ቁጥር ልቧ ይዘልላል፤ ወደ በረንዳው ባየች ቁጥር ደግሞ ያ ልብ ተመልሶ ይወርዳል።

*

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። መርፌ የተገለበጠውን እጅጌ ትታ ለመልበስ ተነሳች። ፀጉሯን ትናንት ፀጉር ሠሪ ቤት ሄዳ አስተኩሳዋለች፤ ዘርጋ ብሎ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ዳኛዋ ፊት ስትቆም የትልቅ ቤት ልጅ ለመምሰል ብላ ከመጽሔት ያየችውን ቀሚስ ራሷ ሰፍታለች፤ ጫማዋም ጠባብ ነው፤ ጣቶቿ ውስጥ ለውስጥ ያለቅሳሉ። አባቷ ከቧንቧው ሥር እጃቸውን ደጋግመው በሳሙና ይታጠባሉ፣ ያፏጫሉም። ግሪስ ግሪስ ሸተቷት። መኪናቸው ከተሸጠ ስንት ጊዜው! ግን ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን አፍንጫ ምን ያደርጋል? አለፈችው።

ሐኪሙ በሽቦው ማዶ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አንቆት፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ቆሟል። ሲያያት ደነገጠ።

«እንደምን አደሩ» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለች።

እርስ በርስ «እርስዎ» የተባባሉ ፍቅረኞች ቢኖሩ እነሱ ናቸው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሐኪሙ ፒንሳውን አንስቶ ሽቦውን ይቆርጥ ጀመር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዳኛዋ በወዲያ በኩል ወንበር ላይ፣ አባቷ በወዲህ በኩል ባልዲ ገልብጠው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሽቦው ተጠቅልሎ ተነሳ።

መጀመሪያ የሁለቱም ቤት ሴት ዶሮዎች ወጡ። ትንሽ ተሸታተቱ፣ ትንሽ ተነካከሱ፣ ከዚያ ጥሬ አዩና ጥሉን ረሱት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው መቼም። መርፌ መተንፈስ ጀመረች። ከዚያ የሁለቱ አውራ ዶሮዎች ቤት ተከፈተ።

ጠበቃ ወጣ። ግን ጠበቃ ነው? ላባው ሁሉ ተነፍቶ ቁመቱ እጥፍ ሆኗል፤ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል፤ ሽታው ከሩቅ የአበባ ሳሙና ነው። ክላክስም ወጣ። እሱ ደግሞ የአናቱ ቀይ ዘውድ የለም! ከአንገቱ እስከ አናቱ ጥቁርና አብረቅራቂ፣ ከጭስ ማውጫ የወጣ ይመስላል። የክላክስ የቅርብ ወዳጅ የነበረችው ዥንጉርጉር ዶሮ አንገቷን አጣማ አየችውና ጮኸች፤ ከዚያ ዘላ አናቱን ነከሰችው። በወዲያም የጠበቃ ሚስቶች በአንድነት ተነሱ፤ ይሄ ነጭ እንግዳ ማነው ብለው ያሯሩጡት ጀመር። ጩኸት ሆነ። ውሃው ተገለበጠ፣ ላባ በረረ፣ ዳኛዋ ወንበራቸው ላይ ቆሙ። ሁለቱ ጀግኖች በገዛ ቤተሰባቸው ተባረው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ከዓይን ተሰወሩ።

«ማን ነው ያጠበው?» አለች መርፌ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «የገዛ ሚስቶቹ እንዳያውቁት አድርጎ ማን ነው ያጠበው?»

ሐኪሙ መሬት ላይ የቀረውን ጥቁር ነገር በጣቱ ነክቶ አሸተተ። «ግሪስ ነው» አለ። «ዶሮ የሚያዋጉ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚቀቡት፤ ሌላው እንዳይዘው፣ የራሳቸው እንዲያሸንፍ።» ወደ ባልዲው ዞረ፤ ሹፌሩ ግን ክላክስን ሊፈልጉ ተነስተው ሄደዋል፣ ዳኛዋም ከወንበራቸው ወርደው ጠበቃን ተከትለዋል። «አባትሽ መጀመሪያም አልፈለጉም ነበር።»

«አባዬን ነው?»

«ግሪስ በኛ ቤት የለም።»

«በእኛ ቤት ደግሞ የአበባ ሳሙና የለም! እናትህ ናቸው ያበላሹት። የሹፌር ልጅ እንዳትገባባቸው!»

«እማዬ ቃሏን ካለች አለች ነው። ተንኮል አታውቅም።»

«አባዬስ ተንኮል ያውቃል? እንዲህ ነው ስለ አባቴ የምታስበው? ያንን ሁሉ ጠዋት ጣቴን ይዘህ ስትቆም ይሄን ነበር በሆድህ የያዝከው?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም...»

«ብለሃል!» እንባዋ አመለጣት። ያ የተተኮሰ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። «ሽቦውን መልሰህ ስፋው። እጅህ ደህና ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ጠባቡ ጫማ እንኳ አላመማትም፤ ከዚያ የባሰ የሚያም ነገር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ባል አገኛለሁ ብላ ጣት እንኳ የሚይዛትን አጣች።

*

የሰው ልብ ቢሰበርም ዶሮ መሰብሰብ አለበት። መርፌ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ ክላክስን ፍለጋ ወደ እንጨት ክምሩ ሄደች። ቆርቆሮው ከተደገፈበት ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አላየችም። ከዚያ አየች። በመጨረሻው ጥግ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ አውራ ዶሮዎች ጎን ለጎን ተለጣጥፈው ተቀምጠዋል። አይናከሱም፣ አይተያዩም። ሁለቱም ወደ ውጭ፣ ወደ ሚስቶቻቸው በኩል እየሰጉ ያያሉ።

ከቆርቆሮው ሌላ ጫፍ አንድ ሰው እየዳኸ ገባ። ከረባቱ መሬት ይጎትታል። ሐኪሙ ነው፤ እሱም ጠበቃን ሊፈልግ መጥቷል። እሷን ሲያይ ቆመ። እሷም ልትወጣ ስትል ከቆርቆሮው ውጭ የወንበር ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የባልዲ። ሁለቱም ባሉበት ደረቁ።

«አቶ ሹፌር» አለ የዳኛዋ ድምፅ። እንደ ወትሮው አይደለም፣ ዝግ ብሏል።

«ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

አንዲት ዶሮ አሽካካች።

«በሕፃን ሻምፖ ነው» አሉ ዳኛዋ። «ደረቱ ጭቃ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የእኛ ወገን ቆሽሾ መጣ እንዳይባል ብዬ። እንዲያምር ብዬ ነው። የገዛ ቤተሰቡ ይክደዋል ብዬ በምን ልወቅ?»

አባቷ መሳቅ ጀመሩና አቋረጡት። «ግሪሱም የኔ ነው» አሉ። «ለክፋት እንዳይመስልዎት። የጠበቃ ምንቃር እንዲያንሸራትተው ነው። ክላክስን አውቀዋለሁ፤ ካልያዙት አይናደድም፣ ካልተናደደ አይመታም። ፍሬን የሠራሁለት መስሎኝ ነበር።»

«እና እንዲታረቁ ነው የፈለጉት?»

«እንዴታ!»

«በጭራሽ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ብያለሁ» አሉ ሹፌሩ። ባልዲው ተንቋቋ፤ አቀማመጣቸውን ያስተካከሉ መሰለ። «ያኔ እርስዎን አላውቅዎትም ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ልጄ ሥራዋ ላይ ነች፤ እኔ ጠዋት የማወራው ከዶሮ ጋር ነው። አሁን ግን ስነሳ ዛሬ ምን ብለው ይሞግቱኝ ይሆን እላለሁ። ዶሮዎቹ ከተጣሉ ግንቡ ተመልሶ ይቆማል። ግንቡ ከቆመ ማን ይሞግተኛል?»

ዳኛዋ ሲመልሱ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «እኔስ? ያ ሁሉ ሰው ይፈራኛል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው 'ተሳስተዋል' ብሎኝ አያውቅም፤ ከእርስዎ በቀር። እንዴት እንደናፈቀኝ አያውቁም።»

ከቆርቆሮው ሥር መርፌ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እልህ ያለችው መላጨት፣ እልህ ያለችው ሸሚዝ! አባቷ ብቻውን ይቀራል ብላ ስትጨነቅ፣ አባቷ ለካ በዚያው ሽቦ ቀዳዳ የራሱን ሰው አግኝቷል። ደስታውም ጸጸቱም አንድ ላይ መጥቶ አስለቀሳት። ቀና ስትል ሐኪሙም ያለቅሳል።

«አባትሽን...» አለ በሹክሹክታ። «ምላሴ ይቆረጥ። ይቅር በይኝ።»

«እኔም እናትህን» አለች። «አፌን ነው መስፋት የነበረብኝ።»

አያት አያትና «ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?» አላት።

«ለእናትህ ብዬ ነው። አንተስ? ይሄ ምንድን ነው ያነቀህ?»

«ለአባትሽ ብዬ።»

ተያዩ። የታጠበው ጠበቃና ግሪስ የተቀባው ክላክስ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አይታወቅም። ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እንባና ሳቅ ተደባልቆ፣ ሁለቱም ከአቧራው ላይ ተቀምጠው። መርፌ ያንን የተዘረጋ ፀጉር ጠቅልላ እንደ ሁልጊዜው በቁራጭ ጨርቅ ቋጠረችው። እሱ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ወተፈው።

«አሁን አወቅኩሽ» አላት። እነዚህን ሁለት ቃላት የሰማ ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አውራ ዶሮ ታቅፈው ሲወጡ ሁለቱ አዛውንቶች ከመቀመጫቸው ዘለሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያላችሁት?» አሉ አባቷ።

«ከሻምፖው ጀምሮ» አለ ሐኪሙ።



*

ከዚያ ሥራ ሆነ። መርፌ በጨርቅ ቁርጥራጭና በዘይት የክላክስን አናት ቀስ አድርጋ ጠረገች፤ ቀዩ ዘውድ ከጥቁሩ ሥር ብቅ እያለ መጣ። ጠበቃን ደግሞ ደረቁ አፈር ላይ ለቀቁት። ተንከባለለ፣ አቧራውን በክንፉ በላዩ አዘነበ፤ ሲነሳ ያው የድሮው ነጋ ጠባ ተከራካሪ ሆነ። ዥንጉርጉሯ ዶሮ ክላክስን አንገቷን አጣማ አየችው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ አጠገቡ መጫር ጀመረች። የጠበቃ ሚስቶችም እንዲሁ። የሴት ይቅርታ እንደዚህ ቢፈጥን ስንት ቤት ባልፈረሰ!

ግን ዋናው ገና ነበር። አሁን ሁለቱም ራሳቸውን ሆነዋል፤ ተያዩ፣ ተዋወቁም። የአንገት ላባቸው ቆመ። አናታቸውን ዝቅ አድርገው በግንቡ መሠረት ላይ ፊት ለፊት ሆኑ።

«ፍሬን» አሉ ሹፌሩ በሹክሹክታ። «ፍሬን፣ ፍሬን...»

«ሥነ ሥርዓት!» አሉ ዳኛዋ።

ሁለቱ ዶሮዎች አንዴ ዘለው ደረት ለደረት ተጋጩ። መርፌ ዓይኗን ጨፈነች፤ የሐኪሙን ክንድ ጥፍሯ እስኪሰረስረው ያዘችው። ስትገልጥ ጠበቃ፣ ያ ሙግት የማይጠግበው ጠበቃ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ እህል ያየ መስሎ መሬት መጫር ጀምሯል። ክላክስ ቆሞ አየው። ከዚያ እሱም ጫረ። ደም የለም። የጠበቃ ደረት ላይ ያለው የሐኪሙ ስፌት እንደተሰፋ ነበር።

«ይግባኝ አልጠየቀም» አሉ ዳኛዋ፣ በኩራት ይሁን በመገረም ሳይታወቅ።

ከዚያ በኋላ ማንም ከጓሮው አልወጣም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ተቀመጡ። ሐኪሙ ጋውኑን አምጥቶ መሬት ላይ አነጠፈ፣ ሻይ ከዳኛዋ ቤት መጣ፣ ስኳር ከሹፌሩ ቤት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ዶሮዎች አንድ በአንድ ያንን ረጅም ቆጥ ይሞክሩ ጀመር። ጠበቃ በአንደኛው ጫፍ ወጣ። አራቱም ሰዎች ትንፋሻቸውን ያዙ። ክላክስ ከሥር ሆኖ አንጋጠጠ፣ ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፤ ከዚያ ተወርውሮ በሌላኛው ጫፍ ሰፈረ። ሚስቶቻቸውን በመሀል አድርገው፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መርፌ ወደ አባቷ አላየችም፤ ፈራች። ዳኛዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ሹፌር፣ ቃልዎ እየተጠበቀ ነው።»

አባቷ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ቃሌ 'ልጄን ውሰድ' ነበር» አሉ ሐኪሙን። «ያንን ቃል አንስቻለሁ።»

ሐኪሙ ፊቱ ነጣ። ዳኛዋም ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው «ይሄማ አይሆንም!» ሲሉ ሹፌሩ እጃቸውን አነሱ።

«የት ነው የሚወስዳት?» አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል። «አጥር የለ፣ ሽቦ የለ፣ ግንብ የለ። እዚያም ቤቷ ነው፣ እዚህም ቤቷ ነው። ማንም ማንንም አይወስድም። እንዲያውም አንተ ነህ የምትመጣው፤ ጠዋት ጠዋት የበቆሎው ባልዲ ከብዶኛል።»

«ተሻሽሎ ጸድቋል» አሉ ዳኛዋ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

«እውነት ነው?» አለች መርፌ። «አባዬ፣ እውነትህን ነው?»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!» ብለው ሳቁ አባቷ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ለቅሶ ስለዞረ ፊታቸውን ወደ ቆጡ አዞሩ፣ ዶሮዎቹን የሚቆጥሩ መስለው።

መርፌ ጠባቡን ጫማ አወለቀች። በባዶ እግሯ ግንቡ ቆሞ በነበረበት ቦታ፣ ገና ድንጋዩ ባልተለቀመበት መሬት ላይ ተራመደች። ሐኪሙም ከማዶ ወደ እሷ መጣ። መሀል ላይ ሲገናኙ እንደ ልማዷ አንድ ጣቷን ዘረጋችለት። እሱ ግን ሙሉ እጇን ያዘው።